የድጋፍ ጥሪ፦ ለሞዴል የጦር መርከቦቻችን የውኃ ገንዳ

የተከበራችሁ የድሬዳዋ ነዋሪዎች፣ በሩቅም በቅርብም ያላችሁ የድሬ ልጆች፣

እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚራ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል እየተሰባሰብን፣ በርቀት መቆጣጠሪያ የሚነዱ ሞዴል የጦር መርከቦችን ከተማሪዎች ጋር የምንሠራ ሰዎች ነን። የመጀመሪያ ሥራችን በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ መጥታ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የሆነችው «ኢትዮጵያ» ናት። 94.7 ሜትር የነበረው ርዝመቷ በ1 ለ144 መጠን 66 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ልጆቹን ይበልጥ ያስጨነቃቸው ግን ክብደቷ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ጊዜ በ144 ሲካፈል ክብደቱ ሦስት ጊዜ ስለሚካፈል፣ ሙሉ ጭነት ይዛ ወደ 2800 ቶን ትደርስ የነበረች መርከብ ሞዴሏ ከነሞተሯ፣ ከነባትሪዋና ከነፓምፗ አንድ ኪሎ እንኳ መሙላት የለባትም። የኮምፔንሳቶ ጎድኖቿን በብርጭቆ ወረቀት እየፋቁ ያቀለሏት እነርሱው ናቸው።

ጨዋታው ውጊያ ነው። በአሜሪካ በተለመደው መልኩ መርከቦቹ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ትናንሽ የብረት ኳሶችን እየተኮሱ ከስስ የባልሳ እንጨት የተሠራውን የባላንጣቸውን ጎን ይበሳሉ፤ የተመታችው መርከብ የገባባትን ውኃ በፓምፗ መትፋት ሲያቅታት ትሰጥማለች፣ ከዚያም ወጥታ ትጠገናለች። እኛ ከልጆች ጋር ስለምንሠራ የብረት ኳሱን ትተን፣ በመኪና መስተዋት ማጠቢያ ፓምፕ በባላንጣ መርከብ ክፍት ወለል ላይ ውኃ መርጨትን መርጠናል፤ ውኃውን የመትፋቱና ከመስጠም የመዳኑ ትግል ግን እንዳለ ነው።

የጎደለን ገንዳ ነው። እስካሁን «ኢትዮጵያ»ን የሞከርናት በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሲሆን፣ ሳትዘምም መንሳፈፏን ብናይም መሪዋን ልናዞርባት አልቻልንም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ በሚሞላበት ጊዜ ደግሞ ልጅ የሚቀርበው ወንዝ እንዳልሆነ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሁሉ ያውቃል።

ያሰብነው 6 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ በወፍራም ፕላስቲክ የተለበጠ ገንዳ ነው። የሚይዘው 9600 ሊትር በመሆኑ ውኃው ከየጨዋታው በኋላ ተስቦ ወደ አንድ ባለ 10000 ሊትር ሮቶ ይመለሳል። ይህን የምናደርገው ውኃ በዚህች ከተማ የማይባክን ሀብት ስለሆነ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ወባ ድሬዳዋን እንዴት እንዳስጨነቀ አንረሳም፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝም በቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ጭምር ስለምትራባ፣ ሮቶው ጥብቅ ክዳንና ወንፊት ሳይኖረው ገንዳውን በውኃ አንሞላም።

ስለዚህ ሮቶ፣ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ብሎኬትና ሲሚንቶ፣ ውኃ መሳቢያ ፓምፕ ወይም የጥላ መረብ ያላችሁ እንድትለግሱን በትሕትና እንጠይቃለን። አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁም አትጣሉት፤ በውስጡ ያሉት ሊቲየም ባትሪዎች ቀላል ስለሆኑ ደኅና የሆኑትን ባለሙያ መርምሮ ይለይልናል። ግንበኞች ከሆናችሁ የሁለት ቀን ጉልበታችሁ ከገንዘብ አያንስብንም። የገንዘብ መዋጮ በደረሰኝ ብቻ የምንቀበል ሲሆን፣ የተገዛውን ዕቃ ከነዋጋው በክፍላችን በር ላይ እንለጥፋለን። ከገንዳው የሚተርፍ ካለ ጎድኖቿ ተሠርተው ሞተር ለምትጠብቀው ሁለተኛዋ መርከብ ይውላል።