ሆትስፐር ማን ነው? (ደብዳቤ ለልጄ)

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው በስልክ ስለምትደግፊው የለንደን እግር ኳስ ክለብ ስለ ቶተንሃም ሆትስፐር ስናወራ «አባዬ፣ ቶተንሃም ሰፈሩ ነው፤ ሆትስፐር ግን ምንድን ነው?» ብለሽኝ ነበር። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጻፍልሽ አልኩ።

ሆትስፐር ድሮ እንግሊዞች ችኩልና ደመ ፍሉ ሰውን የሚጠሩበት ቃል ነበር። ስፐር ፈረሰኛ ተረከዙ ላይ አስሮ የፈረሱን ጎን የሚወጋባት ሹል ብረት ናት። ፈረሱን ሲያጣድፍ ብረቷ እስክትግል የሚጋልብ ሰው እንደማለት ነው። ዛሬ ማንንም እንዲህ ብሎ የሚጠራ የለም። ቃሉ የተረፈው የአንድ ሰው ቅጽል ሆኖ ነው፤ ከሱ ደግሞ ወደ ክለብሽ ተሻገረ።

ሰውዬው ሰር ሄንሪ ፐርሲ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1364 ነው። አባቱ ከስኮትላንድ ጋር የምትዋሰነው የሰሜን እንግሊዝ ግዛት፣ የኖርዘምበርላንድ፣ ታላቅ ባላባት ነበር። የእኛ ጀግኖች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ አሉላን አባ ነጋ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እንላለን። የፐርሲን ቅጽል ግን ያወጡለት ጠላቶቹ ናቸው። ስኮትላንዶች ድንበር ላይ ሲገጥሙት ፍጥነቱን አይተው ነው ይህን ስም የሰጡት። በ1388 ኦተርበርን ላይ ድል አድርገው ማርከውት እንኳ ስሙ አልለቀቀውም።

እኔን የሚያሳዝነኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1402 ሆሚልደን ሂል ላይ ፐርሲና አባቱ ስኮትላንዶችን ድል አደረጉ። ዳግላስ የሚባለው ትልቁ ባላባታቸው ተማረከ። ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ ምርኮኞቹን አስረክቡ አለ። ፐርሲ ዳግላስን አልሰጥም አለ። ምክንያት ነበረው። ድንበር ለጠበቀበት የሚገባው ገንዘብ አልተከፈለውም። የሚስቱ ወንድም ኤድመንድ ሞርቲመር ደግሞ ዌልስ ውስጥ ተማርኮ ነበር፤ ንጉሡ ግን ለማስለቀቂያው አልከፍልም አለ። ልጄ፣ ይህ የችኩል ሰው ጠብ ነው? የተበደለ ሰው ጠብ ነው እንጂ።

በ1403 አመፀ። አባቱ ሰሜን ነበር፤ ጦሩ ሳይደርስለት ቀረ። ንጉሡ ግን ገስግሶ ቀደመውና በምዕራብ እንግሊዝ ሽሩስበሪ የምትባል ከተማ አጠገብ ተፋጠጡ። ሐምሌ 21 ቀን ጠዋት የገዳም አለቆች ሽምግልና ገብተው ነበር፤ አልሆነም። ከሰዓት በኋላ ውጊያው ተጀመረ፣ ፐርሲም ወደቀ። ዕድሜው 39 ነበር። ሞቱን የማያምን እንዳይኖር አስከሬኑን ከመቃብር አውጥተው ሽሩስበሪ ላይ ለሕዝብ አሳዩት። ጭንቅላቱን ቆርጠው ወደ ዮርክ ላኩት። አባቱም አንድ ወር ሳይሞላ ለንጉሡ እጁን የሰጠው እዚያው ዮርክ ከተማ ነው። ይህን ሳነብ እንደ አባት ሆዴ ተላወሰ። ልጅሽ ሲወድቅ አልደረሽለትም፤ ከዚያ ደግሞ ጭንቅላቱ ወዳለበት ከተማ ሄደሽ ማሩኝ ትያለሽ።

ሼክስፒር በተውኔቱ ሆትስፐርን ከአልጋ ወራሹ ጋር እኩያ ጎረምሳ አደረገው። አልጋ ወራሹ በዚያ ውጊያ ገና 16 ዓመቱ ነበር። እውነቱን ከፈለግሽ ፐርሲ ከንጉሡ ከራሱም በ3 ዓመት ገደማ ይበልጣል። ለመድረኩ ሳያምር አልቀረም፤ ሰዉ ግን ከዚያ ወዲህ ሆትስፐርን ትኩስ ወጣት አድርጎ ቀረ። ድንበር ያስተዳደረው፣ ሚስትና ልጆች የነበሩት፣ ለአማቹ የተሟገተው ሰው ተረሳ። ያ አልጋ ወራሽ ሄንሪ አምስተኛ ተብሎ ሲነግሥ ግን የፐርሲን ልጅ አልተቀየመም። በ1416 የአያቱን ማዕረግ መለሰለት። ይህን ነገር በጣም ወድጄዋለሁ።

ወደ ክለብሽ ልምጣ። በ1882 ክሪኬት የሚጫወቱ የሰፈር ተማሪዎች ናቸው የመሠረቱት። የፐርሲ ዘሮች ቶተንሃም አካባቢ መሬት ነበራቸውና ልጆቹ ስሙን ከዚያ ወሰዱት። ለጨዋታ ስትሄጂ አጠገቡ ያለውን የባቡር ጣቢያ ስም እይ፤ ኖርዘምበርላንድ ፓርክ ይላል። ማልያሽ ላይ ያለው አውራ ዶሮም ከዚሁ የመጣ ነው። የሚዋጋ አውራ ዶሮ እግሩ ላይ ያለችውን ሹል ነገር እንግሊዞች ስፐር ነው የሚሏት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ክረምት ላይ እረፍት ስታገኚ ሽሩስበሪ ሂጂልኝ። ከከተማው በስተሰሜን፣ ጦርነቱ በተካሄደበት ሜዳ ላይ፣ በመቅደላዊት ማርያም ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። የተሠራው ለሞቱት ነፍስ ጸሎት እንዲደረግበት ነው፤ ለአሸናፊውም ለተሸናፊውም። ከቻልሽ ከጓደኛ ጋር ሁኚ፣ የባቡር ቲኬቱን ቀደም ብለሽ ቁረጪ፣ ይረክሳል። ወጪውን እኔ እልክልሻለሁ። ፎቶም አንሺልኝ፣ በተለይ የቤተ ክርስቲያኑን።

እናትሽን በጣም ናፍቀሻታል። ወንድምሽ አሁንም አርሴናል ነው፤ ይህን ደብዳቤ አንብቦ ፐርሲን ግን ወዶታል።

የሚወድሽ አባትሽ