ትዝታን በኮድ ለሚጫወቱ የደሴ ልጆች ላፕቶፕ ፈልጉልን

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ አገር ቤትም ውጭም ያላችሁ። ሳላንዛዛ ልናገረው፦ ላፕቶፕ እንፈልጋለን። አሮጌም ቢሆን፣ ባትሪው የሞተም ቢሆን፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ከሠራ ይበቃናል።

በክረምቱ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ የሰፈራችን ልጆች የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ልናስተምር ነው። እድሩ አዳራሹን በነፃ ፈቅዶልናል፣ አስተማሪዎቹም በበጎ ፈቃድ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የጎደለን ዕቃ ነው።

እኛ ስንማር ኮምፒውተር ማለት ሽምደዳ ነበር። ሲፒዩ፣ ራም፣ ኪቦርድ ብሎ መቁጠር፣ ፈተናውን ማለፍ፣ አለቀ። (ማውስ የነካነውም በወረፋ ነው።) አሁን ግን ልጁ ገና በመጀመሪያው ቀን የሆነ ነገር ሠርቶ እንዲወጣ ነው የምንፈልገው፤ የራሱን፣ አስተማሪው ያላሰበውን።

የምንጠቀመው ስክራችን ነው። ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ነፃ ፕሮግራም ነው። ትእዛዞቹ ባለቀለም ብሎኮች ስለሆኑ ልጁ እየጎተተ ይገጣጥማቸዋል እንጂ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ረስቶ ሲሰቃይ አይውልም። አማርኛም አለው። አንዴ ከተጫነ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ለእኛ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

እዚያ ውስጥ ሙዚቃ የሚያጫውት ብሎክ አለ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ቁጥር አለው። 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69 ብላችሁ ደርድሩ፤ ሙሉ ትዝታ ነው! 64ን 63፣ 69ን 68 አድርጉት፤ ያው ኮድ ግማሽ ትዝታ ሆኖ ሆድ ያባባል። 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68 ካላችሁት አምባሰል ነው። ወሎ አድጎ ይሄን ጆሮው የማይለይ ልጅ የታለ? ቁጥሮቹን በዝርዝር ሲያስቀምጥ ዳታ ገባው፣ «ድገም» ሲለው ሉፕ ገባው፣ ፍጥነቱን ልቀይር ብሎ ሲነካካ ቫሪያብል (ዋጋው የሚቀያየር መያዣ) ላይ ደረሰ። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ቅኝቱ ይሰበራል፣ ማንም ሳይነግረው ተመልሶ ስህተቱን ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የራሱን ዜማ ልሥራ ማለቱ አይቀርም፣ እኛም የምንጠብቀው ያንን ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ያው ይጠፋል። ያኔ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 የተጻፈባቸውን ካርዶች ለአምስት ልጆች እንሰጥና «21 ሁኑ» እንላለን። 16፣ 4 እና 1 የያዙት ይቆማሉ፣ ሌሎቹ ይቀመጣሉ። በአምስት ልጅ ከ0 እስከ 31 ያለው ሁሉ ይወጣል። የቆመው 1፣ የተቀመጠው 0 ነው፤ ባይነሪ፣ ማለትም ኮምፒውተር በ0ና በ1 ብቻ የሚቆጥርበት መንገድ፣ ይሄው ነው፣ ኮምፒውተርም አላስፈለገም።

ወደ ልመናው ስመለስ፣ ዊንዶውስ 10 የሚያስነሳና 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ብናገኝ ደስ ይለናል፤ አሥር ከሞላ ሁለት ሁለት ሆነው ሃያ ልጆች ይማራሉ። የጆሮ ማዳመጫም በጣም ያስፈልገናል (አሥር ኮምፒውተር ባንዴ ትዝታ ሲያንቆረቁር አስቡት!)። ዲቫይደርና ረጅም ገመድም እንዲሁ። ፕሮጀክተር ያላችሁ አዋሱን፣ በሰዓቱ እንመልሳለን። ፒያሳ አካባቢ ጥገና ቤት ያላችሁ ደግሞ የተበላሸውን ብታዩልን ከገንዘብ አይተናነስም።

ገንዘብ የምትረዱ የሂሳብ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁን፤ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ የተገዛው ዕቃ ደረሰኝም እዚሁ ይለጠፋል። ኮምቦልቻ ያላችሁ አትቸገሩ፣ መጥተን እንወስዳለን። አዲስ አበባ ያላችሁ በሚመጣ ሰው ላኩልን። ብቻ ፎቶና ፋይላችሁን ቀድማችሁ አጥፉ። ትምህርቱ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ስለሚጀመር እስከ ሰኔ 20 ቢደርሰን ፕሮግራሙን ጭነን ለመሞከር ጊዜ እናገኛለን።