አንድ ጥፊ እኮ ነው

አቡሽ፣ እንዴት ሰነበትክ? እናትህ ደህና ናት። እኔም ጉልበቴን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ።

እህትህ ሳታስበው አመለጣት። የዶርም ጓደኛህን በጥፊ መተህ መነጽሩን ሰብረህበታል አሉ። "አንድ ጥፊ እኮ ነው" ብለሃታል። ልጄ፣ አባትህ 22 ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የኖረ ራፖር ጸሐፊ ነው። በዚህች ታይፕ ስንት "አንድ ጥፊ" እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው።

ያንተዋ ጥፊ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስም አላት፤ የእጅ እልፊት ትባላለች። አንቀጽ 560። እስከ 300 ብር መቀጮ፣ ከበድ ካለም እስከ ሦስት ወር ቀላል እስራት። በ300 ብሩ አትሳቅ፣ እስራቱን አንብብ። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ፊቱ ዱባ አክሎ መጣና "የአካል ጉዳት ብለህ ጻፍልኝ" አለኝ። ሕጉ ሰንበርና እብጠትን፣ ቶሎ የሚያልፍ ሕመምንም እንደ አካል ጉዳት አይቆጥርም ብዬ ብነግረው እኔኑ ሊመታኝ ተነሳ። ያን ቀን ለራሴ ልጽፍ ነበር።

ከሱ ከፍ ሲል 556 አለ፤ ቀላል የአካል ጉዳት፣ እስከ አንድ ዓመት። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን 555 ነው፣ ከባዱ። እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

አንድ ያንተ እኩያ ልጅ ነበር። ኳስ ሲያዩ በጎል ተጨቃጨቁና ጓደኛውን ገፈተረው። በቃ፣ ገፈተረው። ያኛው የቢራ ሳጥን ላይ ወደቀ፤ አንድ ዓይኑ ጠፋ። ክርክሩ ሁሉ "ሆን ብሎ ነው ወይስ በቸልተኝነት" የሚለው ላይ ሆነ። እናቱ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እያጣመመች "ግፊያ እኮ ነው፣ ጋሼ፣ ግፊያ ብለህ ጻፍልኝ" ትለኝ ነበር። ጻፍኩላት። ሁለት ገጽ ሙሉ ግፊያ። የሐኪሙ ወረቀት ግን አንድ መስመር ነበር።

"እናቴን ሰደበብኝ" ብለሃል አሉ። እናትህ ይህን ሰምታ ትንሽ ደስ ብሏታል፣ አልዋሽህም። ግን ስድብ ጥቃት አይደለም። አንቀጽ 78 ራስህን እንድትከላከል የሚፈቅድልህ ሊመታህ ሲነሳ ነው፤ እሱም ሌላ መውጫ ስታጣ፣ በልክ። በንዴት መምታትህ ቅጣት ያቀልልህ ይሆናል እንጂ ነጻ አያወጣህም።

አሁን ስማኝ። ያንተ ነገር ባለጉዳዩ ካላመለከተ አይከሰስም። ለማመልከት ግን ሦስት ወር አለው፤ ዛሬ 11ኛ ቀኑ ነው። ስለ ክስ ብቻ ብዬም አይደለም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተኮራርፋችሁ እንዴት ታጠናላችሁ? ዛሬ ማታ ሂድና ይቅርታ ጠይቀው፣ ቴክስት እንዳትልክ። ትልቅ ሰው ካስፈለገ ከሲኒየሮቹ አንዱን ያዝ።

የመነጽሩን ፍሬም በቴሌብር ልኬልሃለሁ። ከሚቀጥለው ወር የኪስ ገንዘብህ ላይ እቆርጣለሁ።

አባትህ