ከወንዙ ዳር ስላለው ጎመን

ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እርስዎም፣ እማዬም፣ የልጅ ልጆችዎም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ፤ እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ባለፈው ስመጣ ስለ ወንዙ ዳር ማሳ ጀምሬልዎት እንግዳ ሲመጣ ያቋረጥነውን ነገር፣ በስልክ ከማወራው ይልቅ ረጋ ብለው እንዲያነቡት ብጽፈው የተሻለ መሰለኝ።

ያን ዕለት ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ቦዩ ዳር ቆሜ ነበር። ውኃው ሰማያዊ ቀለም ይዞ፣ አረፋውን ከፊቱ እየገፋ ወደ መደቡ ሲገባ አየሁ፤ ካለፈው መስኖ የቀረው ደለል ደግሞ እንደ ምጣድ ጥላሸት ጠቁሮ፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እርስዎም ጎመኑን አሳይተውኝ «ውኃው ቢከፋ ኖሮ እንዲህ ይሰባ ነበር?» አሉኝ። አባዬ፣ እኔን ያስፈራኝ መስባቱ ነው። ቆሻሻ ውኃ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስለሚይዝ ቅጠል ያፋፋል፤ አብሮት የሚመጣ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ካለ ግን ተክሉን ሳያጠወልግ፣ ሰውን በሚጎዳ መጠን ቅጠሉ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ዓለም አቀፉ የምግብ መስፈርት በአንድ ኪሎ ቅጠላማ አትክልት ውስጥ የፈቀደው 0.2 ሚሊግራም ብቻ ነውና፣ ይህን ዓይንም ምላስም አይለየውም።

በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች አጠገብ አልፈው ቦርከና ውስጥ የሚገቡት ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች ተጠንተው ክሮሚየም፣ መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ ተለክቶባቸዋል። ክሮሚየሙ ቆዳ የሚለፋበት ነው። «ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያጥበዋል» ይሉኛል፤ ጎርፍ ውኃውን ያቀጥነዋል እንጂ ብረቱ በደለሉ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ወንዙ ሞልቶ ሲወጣም ያንኑ ደለል ማሳችን ላይ ያነጥፈዋል። ብረት እንደ ፍግ አይበሰብስም። ጎመኑን ማጠብ አቧራውን ያስለቅቃል፤ ሥሩ የጠጣውን ግን መቀቀልም አያጠፋውም።

ጃፓን ውስጥ በጂንዙ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች ከላይ ካለ ማዕድን ማውጫ በሚወርድ ውኃ ሩዛቸውን ለዓመታት አጠጥተዋል። በሽታው ሲወጣ የበረታው በዕድሜ በገፉ እናቶች ላይ ነበር፤ አጥንታቸው በትንሽ ነገር እየተሰበረ ከመጮኻቸው የተነሳ ሕመሙ በቋንቋቸው «አመመኝ አመመኝ» ተባለ፣ መንግሥታቸውም መነሻው ካድሚየም መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1968 አመነ። ይህን ባነበብሁ ቁጥር የእማዬ ጉልበት ትዝ ይለኛል። የእኛ ማሳ እዚያ ደርሷል ማለቴ አይደለም፤ አልተለካምና አላውቅም።

ስለዚህ ይለካ። ከማሳው አሥር ቦታ፣ እስከ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለውን አፈር በንጹሕ እንጨት አውጥተው፣ ቀላቅለው፣ አንድ ኪሎ ያህል በአዲስ ፌስታል ቢያስቀምጡልኝ፣ ስመጣ ወስጄ ወጪውን ችዬ አስመረምረዋለሁ። እስከዚያው ጎመኑና ሰላጣው ወደ ጓሮ፣ የጉድጓድ ውኃ ወደሚጠጣው መደብ ይዛወሩ። ፍሬና እህል በአብዛኛው ከቅጠል ያነሰ ብረት ስለሚይዙ፣ ማሳው ጦም እንዳያድር በቆሎ ቢዘሩበት ይሻላል። ገቢው እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ የጎደለውን እኔ በየወሩ እልካለሁ።

የትንንሾቹ ነገር ግን ምርመራውን አይጠብቅም። የሕፃን ሆድ እርሳስን ከአዋቂ አራት አምስት እጥፍ ይስባል። ለእማዬ ይንገሩልኝ፤ ለልጆቹ የምትሠራውን ጎመን ከዛሬ ጀምሮ ከጓሮ ትቅጠፍላቸው።

ዱዓዎ አይለየኝ፤
ልጅዎ