የቡናው አተላ ወዴት ይሄዳል?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ካርቦን ሲነሳ ሁሌ የምንሰማው ስለ ጭስ ነው። እኔ ግን ስለ ቡና አተላ ልጽፍልዎ ፈለግሁ። በሜልቦርን፣ አውስትራሊያ፣ የአርኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት ካነበብኩ ወዲህ ጀበና ባጠብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አተላውን ኦክስጅን በሌለበት፣ በ350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አከሰሉት። ከዚያ ኮንክሪት ውስጥ ከሚገባው አሸዋ 15 በመቶውን በዚህ ከሰል ተኩ። ኮንክሪቱ 30 በመቶ ገደማ ጠነከረ! ጥሬው አተላ ቢጨመር ግን ያዳክመዋል። በ500 ዲግሪ የከሰለውም ያን ያህል አልሠራም። ቁም ነገሩ አከሳሰሉ ላይ ነው።

አተላ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል። ሲከስል ግን ካርቦኑ ረግቶ ይቀመጣል። አሸዋም ቢሆን ከየወንዙ እየተዛቀ ነው፤ ወንዞቻችን ሲቆፈሩ ማየት ያሳዝነኛል።

እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን የምንጠጣ ሰዎች ነን። በየሰፈሩም ሕንጻ ይሠራል። የቤት አተላ በየጓዳው የተበታተነ ስለሆነ መሰብሰቡ ከባድ ነው፤ ከካፌዎችና ከሆቴሎች ግን መጀመር ይቻላል። እባካችሁ የምህንድስና መምህራንን ጠይቃችሁ፣ በእኛው አተላና በእኛው አሸዋ ቢሞከር ምን እንደሚያስፈልግ ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣
ከአዲስ አበባ