ለትንንሽ ተስፋዎችም ቦታ ስጧቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ሰሞኑን ዜና ማንበብ ከብዶኛል። ጦርነት፣ የኑሮ ውድነት፣ በሽታ። አይዘገብ አልልም፤ እውነት ነውና መዘገብ አለበት። ግን ፀደይም እየገባ ነው፤ እሱም እውነት ነው።

እስቲ ቅጠሉ የረገፈ የፖም ዛፍ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ቅርንጫፉ ላይ በቅርፊት የተጠቀለለች፣ ለስላሳ ፀጉር ያላት እምቡጥ ታገኛላችሁ። ዛሬ የመጣች እንዳትመስላችሁ። የተፀነሰችው ባለፈው ዓመት፣ ገና ሙቀቱ ሳያልፍ ነው። ብርዱን ሁሉ እዚያው ሆና አሳለፈችው። እንዲያውም ፖም በቂ ቅዝቃዜ ካላገኘ በደንብ አያብብም። ይሄ ነገር እኔን በጣም ያጽናናኛል።

አበባ የሰው ችግር አይፈታም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ አይፈታም። ያም ሆኖ ሮጀር ኡልሪች የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሕሙማን መካከል፣ በመስኮት ዛፍ የሚታያቸው የግንብ ግድግዳ ብቻ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ይነግረኛል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በየሳምንቱ ከገጻችሁ አንዲት ጥግ ለአንባቢዎች ልቀቁልን። ደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ የጀመረ አዛውንት፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ የደወለ ጓደኛ፣ መስኮት ላይ የበቀለች ችግኝ፤ ሰው ያየውን ይጻፍ። አጭር ይሁን፣ ግን እውነተኛ ይሁን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ