ለመጀመሪያ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች፦ መጀመሪያ የዘመን ሰንጠረዥ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ምስጢር የምትጽፍ አዲስ ደራሲ፣ ከምዕራፍ አንድ በፊት የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ የልደትና የሞት ዓመት፣ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ ካለውም የፈረስ ስም በሰንጠረዥ ታስፍር። ስማችን አያት ላይ ስለሚያበቃ ቅድመ አያት ከወረቀት ይጠፋል፤ ምስጢር ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም!

ብዙ ድርሰት የሚሰናከለው ግን በዘመን ቅየራ ነው። የዓድዋ ጦርነት በአውሮፓውያን መጋቢት 1 ቀን 1896፣ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ከአውሮፓውያን ጥር 1 እስከ እኛ ዘመን መለወጫ ልዩነቱ 8 መሆኑ ተዘንግቶ 7 ብቻ ከተቀነሰ 1889 ይሆናል። ያኔ ከዓድዋ ያልተመለሰ ባል አንድ ዓመት ይጨመርለትና ከሞተ በኋላ የተጸነሰ ልጅ የእሱ ይመስላል። የአባትነት ጥያቄ ያዘለ ታሪክ በዚህች አንዲት ቁጥር ይፈርሳል።

የልብ ወለድ አርታኢዎች